ቬንቲሌተር ሥር የተከፈተ ቀለም

ያኔ ጋምቤላ ውስጥ መብራት ጠፋ ብሎ የቬንቲሌተር ማብሪያ የሚያጠፋ ሰው አላውቅም። ለምን ያጠፋል? መብራቱ ሲመለስ የመጀመሪያዋ ነፋስ እንድታመልጠው ነው? እኔና ጓደኛዬም አንነካውም ነበር። በዚሁ ልማዳችን ነው እሷን ላጣት የነበረው።

ክልሉ ክልል ከተባለ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ከወሎ በልጅነቴ መጥቼ አቦቦ ያደግሁ፣ ያኔ የአንድ ቢሮ ታይፒስት። እሷ የአገሩ ልጅ ናት፣ አኙዋክ፤ ቸርች ስትዘምር ሰው እግሩን ተክሎ የሚያዳምጣት፣ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አስም ያለባት። የቢሮውን ፎቶኮፒ ማሽን የምታሠራው እሷ ነበረች።

ማሽኑን መጀመሪያ ያየሁ ቀን፣ አንዱ ገጽ ገብቶ መንታው እንደ ዳቦ እየሞቀ ሲወጣ፣ “በስመ አብ!” ብዬ አማተብኩ።

“አንቺ ደገኛ” ብላ ሳቀችብኝ። “ሰይጣን አይደለም። ዱቄት ነው።”

እውነቷን ነው። ከጤፍ ዱቄት የላመ ጥቁር ቀለም ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ሙቀት ነው። ማሽኑን ሊተክል ከአዲስ አበባ የመጣው ቴክኒሽያን፣ “ነፋስ አታሳዩት፤ አትተንፍሱት፤ ከነካችሁ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፣ ሙቅ እንዳታስነኩት” ብሎን ሄደ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ያውም በጋምቤላ! ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ከዚያ ለልጆች የተዘጋጀው የአኙዋክኛ ማንበቢያ እንዲባዛ መጣ። እሷ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረችው በአማርኛ ነው። በቋንቋዋ ከቸርች መጻሕፍት ሌላ አይታ አታውቅም። የዚያን ቀን ሰው መሆኗም ቀረ፤ ከወንበሯ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ማሽኑን ትዳብሳለች። ማባዛት ልትጀምር ስትል ቀለሙ አለቀ። ወዲያው መብራት ጠፋ።

“እስኪመጣ ልሙላው” አለችና ጠረጴዛው ላይ የቀለሙን ዕቃ ከፈተችው። አየሩ ጭጭ ብሎ ነበር። ድንገት መብራት መጣ። ከራሳችን በላይ ቬንቲሌተሩ አንዴ ተንገጫገጨና መዞር ጀመረ።

ዱቄቱ ብድግ አለ። በመስኮት በገባው ፀሐይ ውስጥ ጥቁሩ እየተጠቀለለ ወደ ጣሪያው ሲወጣ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዴት ያምር ነበር! አፌን ከፍቼ ቆምኩ። የነቃሁት ደረቷ ሲር ሲል ሰምቼ ነው።

ጎትቼ አወጣኋትና ማንጎው ሥር አስቀመጥኳት። የምትስበው መድኃኒቷ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ቦርሳው ቢሮ ቀርቷል። ፊቷን ላጥብ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። ታንከሩ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲበላው የዋለ ነው፤ ውሃው ይፋጃል። በጣሳ ቀድቼ ልረጫት ስል እጄን ያዘችኝ። መናገር አቅቷት ጥላ ሥር ወዳለው የዘበኛው እንስራ ጠቆመች። ወይ ጉድ! ነፍሷ ልትወጣ እያለች የቴክኒሽያኑን ቃል አልረሳችም።

ከእንስራው ቀድቼ ፊቷን አጠብኳት፤ ነጠላዬንም እዚያው ነክሬ አፍና አፍንጫዬን አሰርኩና ተመልሼ ገባሁ። ቬንቲሌተሩን አጠፋሁ፣ ቦርሳውን ነጥቄ ወጣሁ። ከንፈሯ ሌላ መልክ ይዟል። ሳበች። ምንም የለም። ደግማ ሳበች። “እባክሽ፣ እባክሽ” እያልኩ ጀርባዋን እይዛለሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ቀስ በቀስ ትከሻዋ ወረደ። ትንፋሽ የሚባለው ነገር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አለቃችን ሲሰሙ ደንግጠው መጡ። “ከነገ ጀምሮ ማሽኑ ጋ እንዳትደርሺ” አሏት።

“ጋሼ፣ ማሽኑ ምን አደረገ? ቬንቲሌተር ያላጠፋን እኛ” አለች፣ ድምጿ ገና እየተቆራረጠ። “ያን መጽሐፍ ሳላይ አልሄድም።”

እኔ መሃል ገባሁ። ቀለሙን እኔ ልሙላ፣ እሷ በረንዳ ላይ ሆና ታሠራኝ አልኩ። እያጉረመረሙ ፈቀዱ። ክፍሉን በመጥረጊያ አላስነካሁም፤ መስኮቱን ከፍቼ ጥቁሩን በእርጥብ ጨርቅ አነሳሁት። በማግስቱ መብራት ኖረም አልኖረ ማብሪያውን አጥፍቼ፣ አፍንጫዬን አስሬ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ ሞላሁት። እሷ ከበረንዳው “ቀስ! ቀስ በይ!” ትለኛለች፤ እናት እንኳ ልጇን እንደዚያ አትቆጣም።

የመጀመሪያዋን ገጽ ሳትቀዘቅዝ ይዤላት ወጣሁ። ተቀብላ ጉንጯ ላይ ለጠፈቻት። ከዚያ ጣቷን አንዲት ቃል ላይ አሳረፈች።

“ፒ” አለች። “ውሃ ማለት ነው።”

ቀጥላ መስመሩን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ቋንቋውን አልሰማም፤ ጆሮዬን የጣልኩት ደረቷ ላይ ነበር። መሃል ላይ ሳታርፍ፣ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።