እግሬ ሥር የነበረው ገመድ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ የፕላዝማ ትምህርት እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት ነው። ደረሰብኝ ማለቴም ይቅር፤ የደረሰው በሌላ ሰው ላይ ነው። እኔ ምንም አልሆንኩም። እስከ ዛሬ ሆዴን የሚበላኝም እሱ ነው።

የደሴ ልጅ ነኝ። ያኔ ከፋ ውስጥ ቢታ ገነት ተመድቤ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምር ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ዝውውር ስጠይቅ ኖሬ፣ በመጨረሻ «ቅጹ የሚሞላው ቦንጋ ነው፣ እስከ ዓርብ ብቻ» ተባለ። ሐሙስ ጠዋት የጭነት መኪና ተገኘ።

አከራዬ እትዬ አየለች ማር ነጋዴ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በየመንደሩ እየዞሩ ማር ሰብስበው ቦንጋ በመሸጥ ነው። የዚያን ቀን እሳቸውም በዚያው መኪና ስድስት በርሜል ማር ጭነዋል።

ጋቢና የቀረው አንድ ቦታ ነው። ሾፌሩ ለእሳቸው ይዞላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን እምቢ አሉ። «መምህር ከበርሜል ጋራ ይጫናል እንዴ? ነውር ነው» ብለው ከኋላ ወጡና በጋቢናውና በበርሜሎቹ መሀል ተቀመጡ። እኔም ለወጉ ያህል አንዴ «ኧረ እርስዎ ይግቡ» አልኩ። ከዚያ ገባሁ።

ስገባ እግሬ ሥር ወፍራም የጭነት ገመድ ተጠቅልሎ አገኘሁ።

«በርሜሎቹ አልታሰሩም እንዴ?» አልኩት ሾፌሩን።

ሳቀብኝ። «መምህር፣ የሚታሰረው ባዶ በርሜል ነው። ሙሉውን ክብደቱ ያስረዋል።»

በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ እንዲህ ነበር የሚለው። ባዶው በየጉድጓዱ ይዘላል፣ ሙሉው ንቅንቅ አይልም፤ ዐይናቸው የሚያየው ይህንን ነው።

ስህተት መሆኑን አውቃለሁ። የሚሄድ ነገር መሄዱን መቀጠል ይፈልጋል፣ ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ለማቆም ያስቸግራል ብዬ ሰሌዳ ላይ ከጻፍኩ ሁለት ሳምንት አልሞላኝም። ኢነርሻ ምን እንደሆነ ልጆቹን በቃል አስጠንቼ ፈትኛለሁ፤ ያላጠናውንም ተቆጥቻለሁ። ግን ስድስት በርሜል ማሰር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናቡ ከቀደመን ያ መንገድ ጭቃ ነው፣ ጭቃ ከያዘን ደግሞ ቅጹ ያልፈኛል። ዝም አልኩ። እግሬን ገመዱ ላይ አሳርፌ ተጓዝኩ።

ቦንጋ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን፣ ቁልቁለቱ ላይ ኩርባውን ስንዞር በሬዎች መንገዱን ሞልተውታል። ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው ቆመ። የእኔ ግንባር መስታወቱን ነክቶ ተመለሰ። ወዲያው ከኋላ ከባድ ነገር ጋቢናውን መታው፤ ወንበሬ ድረስ ተሰማኝ። ከዚያ የእትዬ አየለችን ድምፅ ሰማሁ። በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ እናታቸውን ይጠሩ ነበር።

በርሜል የጨፈለቀው ግራ እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። እኔ ቅጹን በማግስቱ ሞላሁ። አዎ፣ ሞላሁ። ዝውውሩም ወጣልኝ።

ልሰናበታቸው ስሄድ አልጋ ላይ ነበሩ። «እንኳን አንተ ከፊት ሆንክልኝ ልጄ፤ የሰው አገር ሰው ነህ፣ ለእናትህ ምን እላት ነበር?» አሉኝ። ከዚያ «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። መኪናው ቆሟል። በርሜሉ ለምን አልቆመም?» ሲሉ ጠየቁኝ።

የአስተማሪ አፍ አያርፍም። ማስረዳት ጀመርኩ። የመኪናውን ፍጥነት፣ የማሩን ክብደት፣ የፍሬኑን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። በደንብ ገባቸው።

«ይህንን ከዚያ ቀን በፊት ታውቀው ነበር?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምናለ በሰደቡኝ።

አሁን ደሴ ነኝ፤ አገሬ ገብቻለሁ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ዛሬም የማስተምረው ፊዚክስ ነው። በየዓመቱ ያ ምዕራፍ ሲደርስ ልጆቹ «ቲቸር፣ ምሳሌ» ይሉኛል። መጽሐፉ ላይ ያለውን የኳስ ምሳሌ እሰጣቸዋለሁ። የእትዬ አየለችን እስከ ዛሬ አፍ አውጥቼ መናገር አልቻልኩም።