ብዕሩ እስኪመጣ

አባቴ ድምፁን ያጣው ጡረታ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጉሮሮው ውስጥ የበቀለውን ዕጢ ለማውጣት ሐኪሞቹ ማንቁርቱን አብረው ማንሳት ነበረባቸው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሁሉንም በግልጽ ነግረውናል፤ እሱም ራሱን ነቅንቆ ተስማምቷል። ግን ቤት እስክንመለስ ድረስ ማናችንም የምር የገባን አይመስለኝም። ከሆስፒታል ወጥቶ ጉለሌ ወዳለው ቤታችን የገባ ቀን በሩ ላይ ቆሞ እንደ ልማዱ «ማነው ያለው?» ሊል አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አንገቱ ላይ በተተወለት ቀዳዳ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር። እናቴ በሩ ሲከፈት ሰምታ ከጓዳ «እኔ አለሁ፣ ግባ» አለችው።

ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያሳፍርና ሲያወርድ የለቀመውን ወሬ እራት ላይ እያመጣ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ በየድምፁ እያስመሰለ ያወራልን ነበር። በቤተ ክርስቲያናችንም የሚታወቀው በዚሁ ነበር። የጸሎት ቡድናችን በየሳምንቱ በአባላቱ ቤት እየዞረ ይሰበሰባል። ጸሎቱ አልቆ ሻይ ሲቀርብ ሁሉም ወንበሩን ወደ እሱ ያዞር ነበር።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መጀመሪያ የሞከርነው ወረቀት ነው። ይጽፋል፣ አጠገቡ ያለው ያነባል። ችግሩ የቡድኑ ሽማግሌዎች መነጽር አይዙም፤ የአባቴ ጽሑፍ ደግሞ የሹፌር ጽሑፍ ነው፣ ይቸኩላል። ስለዚህ ጮክ ብዬ የማነብለት እኔ ሆንኩ። እሱ የጻፈውን ቀልድ እኔ ሳነበው ይሞታል። የቱ ጋ ቆም እንደሚባል፣ የቱ ጋ ፊትን ኮስተር እንደሚያደርጉ አላውቅበትም። ጨርሼ ቀና ስል አባቴ በትዕግሥት ፈገግ ብሎ ያየኛል። ፈገግታው ከቁጣ ይከብደኝ ነበር።

በምሠራበት ክሊኒክ አንዲት ባልደረባዬ ስለ አንድ ታብሌት በስልኳ ቪዲዮ ያሳየችኝ በዚያ ሰሞን ነው። ገና ገበያ ላይ መዋሉ ነበር። በራሱ ብዕር በአማርኛ ሲጽፉበት ጽሑፉን ወደ ሕትመት ፊደል ይቀይርና ጮክ ብሎ ያነበዋል። ቪዲዮውን ደጋግሜ አየሁት። ከወንድሞቼ ጋር ተዋጣንና አዲሱ ገበያ ላይ ኤሌክትሮኒክስ የምትሸጥ አንዲት ሴት ከዱባይ እንድታስመጣልን አዘዝን። የወሎ ልጅ ናት፤ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ የምታናግር። ዕቃው ሙሉ ነው አለችን፤ ታብሌቱ፣ ብዕሩ፣ ማቆሚያ ያለው ከቨር።

ደርሷል ብላ ስትደውልልኝ ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ካርቶን ብቻ ነበር።

«ፔኑስ?» አልኳት።

«እሱና ከቨሩ በሚቀጥለው ጭነት ነው፤ ነገ ተነገ ወዲያ ይደርሳል፣ ኢንሻ አላህ። እስከዚያ በጣት ይሠራል እኮ!»

በጣት ይሠራል ስላለችኝ ይዤው ሄድኩ። አባቴ ካርቶኑን የከፈተበትን አከፋፈት አልረሳውም፤ ላስቲኩን እንኳ ሳይቀድ፣ በጥፍሩ ቀስ ብሎ አላቀቀው። ከዚያ በዚያ መሪ ሲጨብጥ በደነደነ ጣቱ «በሩን ዝጊው» ብሎ ጻፈ። ታብሌቱ ትንሽ አሰበና በወጣት ወንድ ድምፅ «ሰሩን ዝጊው» አለ። ሳቅን። እንደገና ጻፈ። አሁን ደግሞ የእጁ መዳፍ መስታወቱን ነክቶት ገጹ ተገለበጠና ጽሑፉ ጠፋ። መስታወቱ ላይ በሚወጣው የፊደል ገበታ እንዲሞክር አደረግነው። «ሹ»ን ፈልጎ እስኪያገኝ ሊል ያሰበውን ይረሳዋል። ቢሆንም ደስ ብሎት ነበር። ለሚቀጥለው የጸሎት ቡድን ይዞት እንደሚሄድ በእጁ አሳየን።

ያን ሳምንት ቡድኑ የተሰበሰበው ሽሮ ሜዳ አካባቢ በሚኖሩ ባልና ሚስት ቤት ነው። ከጸሎቱ በኋላ ባልየው ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ማውራት ጀመሩ። ቆርቆሮው አፍስሶ አንድ ወንድም ሊያስተካክል ወጥቶ ሳለ፣ ሌላ ሰው ሳያውቅ መሰላሉን ወስዶበት ስብከቱ እስኪያልቅ ጣሪያ ላይ ቀርቷል። ሁሉም ሳቀ። አባቴ ወዲያው ታብሌቱ ላይ አቀረቀረ። ከጎኑ ሆኜ ፊደል በፊደል ሲለቅም አየዋለሁ። «መሰላሉን የወሰድኩት እኔ ነኝ» ብሎ ጀምሯል።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ዝም ብሎ ጠበቀው። ቆይቶ አንዱ ሻይ ጠጣ፣ አንዷ ስኳር አቀበለች፣ ወሬውም ሳይታወቅ ወደ ሌላ ሄደ። አንዲት እህት ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቷን እንደቀበረች መናገር ጀመረች። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ሴትየዋ እንባዋን ስትጠርግ፣ አንገቱን ያላቀናው አባቴ የመጨረሻዋን ፊደል ነካ።

«መሰላሉን የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ከስብከቱ በፊት እንዳያመልጥ ብዬ» አለ ያ ወጣት ድምፅ፣ ጥርት አድርጎ።

ማንም አልሳቀም። ጆሯቸው ደከም ያለ አንድ ሽማግሌ ጸሎት መስሏቸው «አሜን» አሉ። አባቴ ቀና ሲል ያየው የሴትየዋን ፊት ነው። ምን እንደሆነ ገባው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷም «ምንም አይደል» አለችው፣ ከልቧም ነበር። እሱ ግን ታብሌቱን ገልብጦ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠው። ቤት ስንደርስ ካርቶኑ ውስጥ መልሶ ከተተውና ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ ሰው ባለበት በወረቀትም መጻፍ ተወ።

የእኔ ሐዘን ወደ ንዴት ተለወጠብኝ። ንዴቴን የማወጣበት ሰው ደግሞ ባለ ሱቋ ነበረች። በየቀኑ እደውልላታለሁ። አንድ ቀን ጉምሩክ ነው፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ነው፣ አንድ ቀን አላነሳችም። «ነገ» የሚለው ቃል ራሱ ያስጠላኝ ጀመር። ባለቤቴ «አንድ ብዕር ናት እኮ፣ በቃ ትመጣለች» ሲለኝ እሱንም ተቆጣሁት። ክሊኒክ ውስጥ ሌላ ዓይነት ብዕር ተውሼ ሞከርኩ፤ ታብሌቱ አላወቀውም፣ ከራሱ ብዕር በቀር አይቀበልም።

አንድ ቀን ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁና ሱቋ ሄድኩ። ገና ከበሩ ጀምሬ መናገር ጀመርኩ።

«ዛሬ ነገ እንዳትይኝ! እውነቱን ብቻ ንገሪኝ።»

«የኔ እህት፣ ተቀመጪ መጀመሪያ...»

«አልቀመጥም። አባቴ መናገር አይችልም። ጉሮሮውን ታሟል። ያንን የገዛነው እንዲያወራበት ነው። አንቺ ያለ ፔን ሸጥሽልኝ፤ ሰው ፊት ተዋርዶ ዕቃውን ሰቅሎታል። ገባሽ?»

የያዘችውን ስልክ ዘጋችው። ሌላው ጠረጴዛው ላይ ይንጫረራል፤ እሱንም ድምፁን አጠፋችው።

«ለተማሪ መስሎኝ ነበር» አለች። «ብዙዎቹ ለልጆቻቸው ነው የሚገዙት። ለምን አልነገርሽኝም?»

ለምን እንዳልነገርኳት እኔም አላውቅም። ወንበሩን ስቤ ቁጭ አልኩ።

«እውነቱን ልንገርሽ» አለች። «ፋብሪካው ታብሌቱን አስቀድሞ ለቀቀው፤ ፔኑና ከቨሩ ገና በበቂ አልተመረተም። ዱባይ ያሉትም የላቸውም። ካንቺ ጋር የገዙት ሁሉ እየጠበቁ ነው። መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ነገ እያልኩ የቆየሁት አላውቅም ማለት ስለከበደኝ ነው። ከፈለግሽ ታብሌቱን መልሺልኝ፣ ወላሂ ቅር አይለኝም።»

የሚገርመው ንዴቴ በረደ። የሰማሁት ክፉ ዜና ነበር፣ ግን የሚጨበጥ ነገር ሆነልኝ። አባቴን ልጠይቀው ብያት ወጣሁ።

ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከእንጦጦ የሚወርደውን ደመና እያየ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኩትና «እንመልሰው ወይ?» አልኩት። የመድኃኒት ካርቶን አነሳና ጀርባው ላይ ጻፈ። ቸኩሎ አልጻፈም፤ እንዳነበው ፈልጎ ነው መሰለኝ ፊደሎቹን ለያይቶ ጻፋቸው።

«ይቆይ። እኔን ያናደደኝ ዕቃው አይደለም። ሰው ሲጠብቀኝ ፊቱን ማየት ነው የከበደኝ።»

አነበብኩትና ከጎኑ ተቀመጥኩ። እስከዚያን ቀን ድረስ ስለ ዕቃ ነበር የምንነጋገረው፤ ስለ ብዕር፣ ስለ ጭነት፣ ስለ ጉምሩክ። ምን እንደተሰማው ግን ጠይቄው አላውቅም ነበር። «እኔም ፊቴ ያስታውቃል?» አልኩት። ጣቱን ከአውራ ጣቱ ጋር አቀራርቦ «ትንሽ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ የእሱ ሳቅ በትከሻው ነው።

ቀናት አለፉ። መደወል ተውኩ። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ በልተን እንዳበቃን ስልኬ ጠራ። ባለ ሱቋ ናት። «ቤታችሁ የቱ ጋ ነው? እዚህ ታክሲ መውረጃው ጋ ቆሜያለሁ» አለች። ወጥቼ አመጣኋት። ወንድሟ ለንግድ ዱባይ ሄዶ ኖሮ፣ እዚያ ካሉ ሱቆች አንዱ ጋ ቀድመው ከገቡት ጥቂት ብዕሮች አንዱን አግኝቶ በኮቱ ኪስ ይዞት መጥቷል። ሱቅ ድረስ እስክመጣ አልጠበቀችም። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ አባቴን ጎንበስ ብላ ሰላም አለችና ቀጭኑን ሣጥን በሁለት እጇ ሰጠችው።

«አባባ፣ በጣም አስጠበቅኩዎት። አፉ ይበሉኝ።»

ታብሌቱን አወረድኩት። ቻርጅ እስኪያደርግ እናቴ ለእንግዳዋ ሻይ አቀረበችላት። ብዕሩን ከታብሌቱ ጋር አገናኘሁለት። አባቴ ብዕሩን በጣቶቹ መሃል አሽከርክሮ ክብደቱን መዘነ። ሁላችንም ከበን ቆመናል። እናቴም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቀረበች። አባቴ አጎንብሶ፣ በዚያ ችኩል የሹፌር ጽሑፉ፣ አንዴ ጫር አደረገ።

«ከቨሩስ?» አለ ታብሌቱ።

ባለ ሱቋ ሻይዋን እስክትደፋ ሳቀች። «ወላሂ ነገ!» አለችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። አባቴ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ዓይኑን ጠረገ። እናቴ ሳቋ እንባ ሆነባት፤ ለጥቂት ጊዜ ወደ ጓዳ ሄዳ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀና ብል ውሸት ይሆናል። እናቴ ድምፁን አልወደደችውም። «ሽማግሌ አግብቼ ስኖር ይሄ ጎረምሳ ከየት መጣ? እኔን በአፍህ አናግረኝ» አለችው። እውነቷን ነው፤ እሷ ከንፈሩን ማንበብ ከለመደች ቆይታለች። ስለዚህ ለእሷ አይጽፍም፤ ማታ ማታ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያለ ድምፅ ሲያወሩ አያቸዋለሁ። የጸሎት ቡድን ሄዶ እንደገና ለመጻፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። አሁን መጻፍ ሲጀምር እጁን ከፍ ያደርጋል፤ የሚጠብቁት አሉ፣ ስልካቸውን የሚያዩም አሉ። አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ ወሬው ያመልጠዋል።

እኔ ግን ነገሩ እንደተቃና የገባኝ በሌላ ቀን ነው። ለክትትል ሐኪም ቤት አድርሼው በሚኒባስ እየተመለስን ነበር። አባቴ ብቻውን ታክሲ መሳፈር ትቷል፤ በየቀኑ ሕዝብ ሲያወርድ የኖረ ሰው፣ መውረድ እፈልጋለሁ ማለት አቅቶት መውረጃውን እያለፈ በእግሩ መመለስ ሰልችቶት ነበር። ከኋላ ወንበር መስኮቱ ጋ ተቀምጧል፤ እኔ ከጎኑ። ሰፈራችን ሲቃረብ አፌን ልከፍት ስል ጉልበቴን በእጁ ያዘኝ። ታብሌቱን ጭኑ ላይ ዘረጋ።

«ወራጅ አለ!» አለ ወጣቱ ድምፅ።

ረዳቱ ዞሮ ከአባቴ ፊት የተቀመጠውን ወጣት «የት ጋ ነው?» አለው። ወጣቱ ግራ ገባውና ዙሪያውን አየ። አባቴ እጁን አውጥቶ እኔ ነኝ ብሎ አሳየ፤ ከዚያ መልሶ አቀረቀረና ጫር ጫር አደረገ።

«ከመብራቱ አልፈህ ጥግ ያዝ፤ እዚህ ጋ አይቆምም።»

ሹፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። አባቴ አንገት ላይ ቀዳዳውን የሸፈነውን ጨርቅና ጭኑ ላይ ያለውን ታብሌት አየ። «እሺ አባባ» አለና መብራቱን አልፎ ቀስ ብሎ ጥግ ያዘ። ከፊታችን የተቀመጡት ተነስተው አሳለፉን። አባቴ ከወረደ በኋላ በሩን በመዳፉ ሁለቴ መታ፤ ሹፌሮች ሂድ የሚባባሉበት ነው። ሚኒባሷ ሄደች። እሱም ብዕሩን ኮት ኪሱ ውስጥ ሰክቶ ዳገቱን ከፊቴ ቀድሞ መውጣት ጀመረ።