ለአባቴ የመረጥኩት ጌጅ

አባቴ በአሮጌ ፒክአፑ ከቴፒ ሚዛን ተፈሪ ቡና ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። የሞተሩን ጤንነት የሚያውቀው በጆሮው ነበር። መስኮቱን ከፍቶ ራሱን ዘንበል ያደርግና "ዛሬ ደህና ነች" ይላል። ባለፈው ክረምት ግን ጆሮው ደከመ። አንድ ቀን ሞተሩ ግሎ፣ ውሃው እየተንፈቀፈቀ አቀበት ላይ እስኪቆምበት ድረስ ምንም አልሰማም። በማግስቱ ሚዛን ወዳለ መካኒክ ይዤው ሄድኩ።

መካኒኩ የሞተር ሙቀት የሚያሳዩ ሁለት ጌጆች አቀረበልን። አንዱ ትንሽና የሚያብረቀርቅ ነው፤ የሌላው ቁጥሮች ጎላ ጎላ ያሉ ናቸው። ስለ ጆሮው ምንም ሳልናገር ትልቁን አነሳሁ። አባቴ ተቀብሎኝ አገላብጦ አየው።

"ይህ ለእኔ ነው?"

"ለመኪናዋ ነው፣ አባዬ" አልኩት።

ፈገግ አለ። እንደገባው አወቅሁ።

መካኒኩ የጌጁን ማቀፊያ ከመሪው ኋላ ሊያስር ሲል አባቴ እጁን ያዘው።

"መሃል ላይ አድርገው፣ ልጄ። እዚያ ከሆነ እሷም ታየዋለች።"

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" አልኩት።

"ከጎኔ ትቀመጪ የለም? እኔ መንገዱን ሳይ አንቺ እሱን ታዪልኛለሽ።"

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው ቴፒ እሄዳለሁ። አቀበቱ ሲጀምር ጠጋ ብዬ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። አንዳንዴ ራሱ እያየውም ይጠይቀኛል።