የራስ ዲካው ምልክትና ጋሼ ባንቲሁን

ጋሼ ባንቲሁን መኪና መንዳት ማስተማር የሚጀምሩት ከካርቶን ነው። የውሃ ጠርሙስ የሚታሸግበትን ካርቶን በመቀስ ይቆርጡና፣ ያኔ የእኛ መምህራን የፊደል ገበታ በሚጽፉበት ጥንቃቄ የመንገድ ምልክቶችን ይስሉበታል፤ ቀዩን በቀይ፣ ጥቁሩን በጥቁር። ዕድሜያቸውን የፈጁት በባቡር መስመር ጠባቂነት ነው። አሮጌው ባቡር ሲቆም እዚሁ፣ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት የወደብ ከተማ ቀርተው አንድ ነጭ ፔጆ ገዙ፤ ከዚያ ወዲህ በየሰው ቤት የሚሠሩትን የአገራቸውን ልጆች፣ ዓርብ ዓርብ ዕረፍት ሲወጡ፣ ለመንጃ ፈቃድ ያዘጋጃሉ።

"በእኛ ጊዜ፣" ይላሉ፣ "ቀይ ባንዲራ ሲውለበለብ ያን ሁሉ ሕዝብ የጫነ ባቡር ቀጥ ይል ነበር። ዛሬ አንድ ሰው የጫነ ታክሲ አይቆምም!"

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ነው። ሆዳን ሰፈር ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ትርሲት እሑድ ፈተና ነበረባት። የአሠሪዋ የማዳም ሾፌር በወሩ መጨረሻ ሊለቅ ነው፤ ማዳምም "ፈቃዱን ካመጣሽ ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርሺው አንቺ ነሽ፤ ካላመጣሽ ሌላ እቀጥራለሁ" ብላታለች። ለትርሲት ይህ ማለት ከስድስት ዓመት በኋላ ከወጥ ቤት መውጣት ማለት ነው። የምትፈተነውም በዚያችው በነጯ ፔጆ ነበር።

ዓርብ ጧት ጋሼ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አነሡላት። ሁሉንም አወቀችው። በመጨረሻ ቀይ ጠርዝ ያለውን ሦስት ማዕዘን አሳዩአት፤ ውስጡ አንዲት መኪና በአፍንጫዋ ወደ ማዕበል ስትደፋ ተስሏል።

"ይኼስ?"

"መኪና ማጠቢያ።"

"ምን አልሽ?"

"መኪና ማጠቢያ ነዋ፣ ጋሼ።"

አብራት የምትማረው ሲፈን ከኋላ ወንበር ጣልቃ ገባች። "እኔ ደግሞ ወደ ታጁራ የሚሻገረው መርከብ መኪና የሚጭንበት ይመስለኝ ነበር።"

"መርከብ ውስጥ በአፍንጫ ተደፍቶ የሚገባ መኪና የት አይተሻል? ኧረ የሰው ያለህ!"

ትርሲት ግን አልተረታችም። "ባሕሩ ዳር፣ ራስ ዲካ ሄደው ይዩ። ምልክቱ የቆመበት ቦታ ሁልጊዜ መኪና ይታጠባል። የማዳም ሾፌርም የሚያሳጥበው እዚያ ነው።"

ጋሼ ካርቶኑን ወረወሩት። "ቀበቶ እሰሩ! አሁኑኑ እንሄዳለን!"

ራስ ዲካ ደረሱ። መንገዱ የሚያልቀው ዓሣ አጥማጆች ጀልባ በሚያወርዱበት የድንጋይ ተዳፋት ነው። ምልክቱ አለ፤ ግን እንዲደርቁ የተሰጡ እርጥብ ጨርቆች ሸፍነውት የሚታየው የመኪናዋ ጭራ ብቻ ነው። ከሥሩ አጣቢው ሙክታር ባልዲውን ይዞ ቆሟል። የሳሙናው ውሃ በተዳፋቱ ላይ እየወረደ ባሕሩ ካበቀለው አረንጓዴ ሙልጭልጭ ጋር ይቀላቀላል።

ጋሼ መኪናዋን ከተዳፋቱ አፍ ላይ፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ አድርገው አቆሙና በሩን እንደ ከፈቱ ወርደው ሄዱ።

"ሰላም አባ! ይታጠብ?" አለ ሙክታር። አማርኛውን የተማረው ከጭነት መኪና ሾፌሮች ስለሆነ አንቱታ አልደረሰውም።

"አይታጠብም! ጨርቅህን ከምልክቱ ላይ አንሣ!"

"የት ላድርቀው ታዲያ? ፀሐይዋ የምትመታው እዚህ ነው።"

"ለመሆኑ ምን እንደሚል ታውቃለህ?"

"እዚህ ባሕር አለ ይላል። ባሕሩ እኮ ይታያል፣ አባ! ምልክት ለእንግዳ ነው። እኛ ወላሂ ውሃውን እናውቀዋለን።"

"ውሃው ግን አንተን አያውቅህም!" ጋሼ ጣታቸውን አነሡ። "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ..."

ተረቱን አልጨረሱትም። ከኋላቸው ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰሙ። ነጯ ፔጆ በሯን እንደ ከፈተች፣ እንደ ገራም በቅሎ ቀስ እያለች ቁልቁል ትወርድ ነበር።

ሲፈን ጮኸች። ከፊት፣ ከሾፌሩ ወንበር ጎን ተቀምጣ የነበረችው ትርሲት ግን እጇን ሰድዳ የእጅ ፍሬኑን እስከ ጥጉ ሳበችው። የኋላ ጎማዎች ቀጥ አሉ፤ ቢሆንም ሙልጭልጩ ላይ መንሸራተታቸውን አልተዉም። "ቀበቶሽን ፍቺ! መስኮት አውርጂ!" ብላ ወደ ኋላ ጮኸች፤ ቃሉም ቁጣውም የጋሼ ነበር። መኪናዋ ቆመች። የፊት ጎማዎቿ ባሕር ውስጥ፣ አፍንጫዋ ተደፍቶ፣ ጭራዋ ተነሥቶ፤ ልክ እንደ ካርቶኑ።

ከዚያ ሙክታር፣ "አባ፣" አለ፣ "ይታጠብ ብትለኝ እኮ እኔው እወርድልህ ነበር።"

ትርሲት እስከ ጉልበቷ ርሳ ወጣች። "ሦስት ወር ሙሉ 'ማርሽ አስገቢ፣ የእጅ ፍሬን ሳቢ፣ ከዚያ በር ክፈቺ' እያሉ ጆሮዬን ያደነቆሩኝ ማን ናቸው? ከነገ ወዲያ ፈተና አለብኝ እኮ፣ ጋሼ! በምን ልፈተን ነው?"

ጋሼ ባንቲሁን ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ውስጥ ገቡና የተከፈተውን በር ዘጉ።

ሙክታርና ሁለት ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ገመድ ጎትተው አወጧት። ቅዳሜን ሙሉ ጋሼ ጨዉን በንጹሕ ውሃ ሲያጥቡ፣ ፍሬኑን ሲፈቱና ሲያደርቁ ዋሉ። ሙክታርም ሳይጠራ ባልዲውን ይዞ መጣ። ማታ ላይ ሞተሩ ሲነሣ ጋሼ ዐይናቸውን ጨፍነው አማተቡ።

እሑድ ትርሲት ነዳች። ጋሼ ከኋላ ተቀምጠዋል። በመጨረሻ ፈታኙ ያንኑ ምልክት አወጣ። እሷም በተለማመደችው ፈረንሳይኛ መለሰች፦ መንገዱ ውሃ ዳር ያልቃል፤ ከሩቅ ፍጥነት መቀነስ፤ ማቆም ግድ ከሆነ ማርሽ አስገብቶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ መሪውን ከውሃው አዙሮ።

"ሌላስ?"

"ተናዶ አለመውረድ።"

ፈታኙ ግራ ገብቶት ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ በመስኮቱ ባሕሩን ይመለከቱ ነበር። አለፈች።

ሙክታር ጨርቁን የሚያሰጣው አሁን በገመድ ላይ ነው፤ መኪና ማጠቡን ግን አልተወም፣ ከምልክቱ ጥቂት ሜትር ወደ ላይ ከፍ አለ እንጂ። ጋሼ በዚያ ባለፉ ቁጥር ያጉረመርማሉ። ካርቶኑንም ቀድደው አዲስ ሥለዋል። ባለፈው ዓርብ አየሁት፤ ጠርዙ ቀይ፣ ማዕበሉ ጥቁር፣ ሁሉም እንደ ደንቡ ነው። የሾፌሩ በር ብቻ ክፍት ነው።