የተቀባው ማሰሮ

በደርግ ዘመን ናዝሬት ትምህርት ቢሮ ውስጥ የሳይንስ ትምህርት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራዬ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ በአውቶቡስ እየዞርኩ፣ የላቦራቶሪ ቁም ሣጥን ቁልፍ የጠፋባቸውን ዲሬክተሮች መቆጣት ነበር። መቆጣት ይሆንልኛል። እናቴ “ይህች ልጅ ከነበርበሬዋ ነው የተወለደችው” ትል ነበር። የክፍለ ሀገሩን የተማሪዎች የፈጠራ ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ጣቱን ወደ እኔ የጠቆመውም ለዚሁ ይመስለኛል፤ መቼም እንዲህ ያለውን ጣጣ ወዶ የሚሸከም የለም።

የመጀመሪያው ዓመት ውድድር ትዝ ሲለኝ እስካሁን ያስቀኛል። ከቀረበው ሥራ እኩሌታው የእንጨት ጠመንጃ ነበር። ከጣውላ የተጠረበ ክላሽ፣ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ታንክ፣ ክንፉ የተንጋደደ አውሮፕላን። በእነዚያ ልጆች አልፈርድም፤ በየቀኑ የሚያዩትና የሚሰሙት እሱኑ ነው። አንዱን የሞጆ ልጅ “ይኼን እኮ ሌላ ሰው ፈጥሮታል፤ አንተ የፈጠርከው የቱ ነው?” ብዬ ብጠይቀው ትንሽ አሰበና “የእኔው አይገድልም፣ ቲቸር” አለኝ።

ስለዚህ ለሁለተኛው ዓመት አንድ ደንብ አወጣሁ። የሚቀርበው ፈጠራ በልጁ ቤት ወይም ሰፈር ያለ ችግር የሚያቃልል ይሁን፤ ዳኞቹ ፊትም እየሠራ ይታይ። በወሬ ብቻ የሚሠራ ነገር በቢሮም በስብሰባም ሞልቶን ነበርና ቢያንስ ከልጆቹ እውነተኛውን ማየት ፈለግሁ።

ልጅቷን ያገኘኋት በዚያው ዓመት፣ ከውድድሩ በፊት ትምህርት ቤቶቹን ስዞር፣ ዝዋይ ላይ ነው። ስምንተኛ ክፍል ነበረች። እናቷ ሐይቁ ዳር ዓሣ ትቸረችራለች። የዝዋይን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጠዋት ከጀልባ የወረደ ዓሣ ምሳ ሰዓት ላይ ጠረኑ ይለወጣል። ነጋዴዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ሆን ብለው ያረፍዳሉ። ፀሐይዋ ስትበረታ ይመጡና እናቲቱ ሳይበላሽባት በሰጧት ዋጋ ትሸጥላቸዋለች። ልጅቷ ይህን ስታይ ነው ያደገችው።

ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ወስዳ አሳየችኝ። ሁለት አፈ ሰፊ የሸክላ ማሰሮዎች ናቸው። ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስቀምጣ፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልታ፣ አሸዋውን ውኃ አጠጥታዋለች። አፉን በእርጥብ ጆንያ ሸፍናዋለች። እጄን እንዳስገባ አደረገችኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ በዚያ ሐሩር መሀል እጄን ማውጣት አልፈለግሁም።

“እንዴት መጣልሽ?” አልኳት።

“የመጠጥ ውኃ እንስራ ያልበው የለ፣ ቲቸር? ሲያልበው ነው ውኃው የሚቀዘቅዘው። እኔ ዓሣውን ላቡ መሀል አስቀመጥኩት” አለችኝ።

ኋላ ላይ በሌላ አገርም ሰዎች ይህንኑ እንዳሰቡት አንብቤያለሁ። እሷ ግን አላነበበችም፤ ያየችው እንስራ ብቻ ነው።

የዚያ ዓመት ሽልማት ትልቅ ነበር። አንደኛ የወጣ ተማሪ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ቦታ ከነማደሪያውና ከነምግቡ ያገኛል። ይህን ልነግራት ቤቷ ድረስ ሄድኩ። እናቷ አማርኛዋን ከኦሮምኛ እየቀላቀለች፣ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ አዳመጠችኝ።

“ካገኘች ትሂድ” አለችኝ። “ካላገኘች ግን ከዘንድሮ በኋላ ከእኔ ጋር ዓሣ ትበልታለች፤ ለጋብቻ ጠያቂም መጥቷል። ከተማ ቤት ተከራይቼ ላስተምራት አልችልም። አልዋሽዎትም።”

ጭካኔ አልነበረም፤ ያለውን ነው የነገረችኝ። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ማሰሮ ለእኔም ሥራ ብቻ አልሆነም።

አሁን ስለ ትምህርት ቤቷ ዲሬክተር ልናገር። ጠና ያሉ፣ ረጅም፣ ካኪ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ስብሰባ ላይ ቀድመው ማጨብጨብ የሚጀምሩት፣ ከሁሉም ኋላ የሚያቆሙት እሳቸው ነበሩ። ሊቀመንበር ሲያስነጥስ “ይማርዎት” ለማለት ከወንበራቸው የሚነሡ ዓይነት። አልወዳቸውም ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ መሰለኝ፣ ሲያናግሩኝ “እርስዎ”ን እየደጋገሙ ከሩቅ ነበር።

በዚያ ዘመን እንግዳ ይመጣል ከተባለ ቀለም ይገዛል። የመንገድ ዳር ድንጋይ በኖራ ይነጣል፤ የዛፍ ግንድ እስከ ወገቡ ይለሰናል፤ አጥሩ፣ በሩ፣ የባንዲራው መስቀያ ቀይ ይቀባል። ቆሞ የተገኘ አህያም አይቀርለትም እየተባለ በሹክሹክታ ይቀለድ ነበር። ያልተቀባ ነገር እንግዳውን እንደ መናቅ ይቆጠራል። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም ግን አይተወውም።

ውድድሩ ናዝሬት በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተከፈተ። ልጆቹ በሎንችናና በጭነት መኪና ተሳፍረው መጡ። ሻሸመኔዎቹ ከብስክሌት ሰንሰለት የሠሩትን የበቆሎ መፈልፈያ ይዘዋል፤ የመቂዎቹ ሽንኩርት ማድረቂያቸውን። የዝዋይዋ ልጅ ማሰሮዋን አቅፋ ስትወርድ ግን ማሰሮውን አላወቅሁትም። ከአፉ እስከ ቂጡ በደማቅ ቀይ የዘይት ቀለም ተለቅልቋል። ሆዱ ላይ ቢጫ ማጭድና መዶሻ፣ ከሥሩም ተፈጥሮን ስለማሸነፍ የሚያወራ መፈክር። ዲሬክተሩ ከኋላዋ ፈገግ ብለው ቆመዋል።

“ማነው የቀባው?” አልኳት ዝቅ ብዬ።

“ጋሼ ዲሬክተር ናቸው ያስቀቡት። አይሆንም፣ አያልበውም ብያቸው ነበር። እንግዳ ፊት እንዲህ አይቀርብም አሉኝ።”

ልቆጣቸው ወደ ሰውዬው ስዞር አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ የዳኞቹ ሰብሳቢ ገቡ። የፓርቲ ካድሬ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ነገር ግን እሳቸው ፊት ሁሉም ሰው ቃሉን ሁለቴ ያኝካል። ወዲያው ከቆቃ ሐይቅ የመጣ ትኩስ ዓሣ ቀረበ፤ አንዱ ማሰሮው ውስጥ፣ ሌላው ለማወዳደሪያ ሳህን ላይ። በጆንያው በኩል ትንሽ ይተነፍስ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ፊዚክስ ተምሬያለሁ፤ ግን ሰው ሲጨንቀው የተማረውን ይረሳል።

ከሰዓት በኋላ ማሰሮው ሲከፈት ሳህን ላይ የዋለውና ማሰሮ ውስጥ የዋለው እኩል ሸተቱ። ዝንቡ ቀድሞን ደረሰ። ከኋላ አንዱ መምህር “ዓሣ ግማቱ…” ብሎ ሲጀምር ጓደኛው በክርኑ ጎሰመው። ሰብሳቢው መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው “ፈጠራው ይኼ ነው?” አሉ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እጆቿን ከኋላ አቆላልፋ “ቀለሙ ነው” አለች። “ቀለሙ ላቡን ስለዘጋው ነው።”

“የትኛው ቀለም?” አሉ ሰብሳቢው።

የሁሉም ዓይን ማጭድና መዶሻው ላይ አረፈ። ከዚያም ሁሉም ዓይን ከዚያ ላይ ሸሸ። የአብዮቱ አርማ ዓሣ አገማ ብሎ የሚናገር ሰው አልነበረም። አርማውን ፋቁት የሚልም። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው በሚባልበት ዘመን አጠገብህ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አታውቅም። እኔ እንኳ፣ ያ ሁሉ በርበሬዬ የት እንደገባ እንጃ። አፌን የከፈትኩት “ሌላ ዕድል ይሰጣት” ለማለት ነው፤ ሰብሳቢው “ምክንያቱ ምን ተብሎ?” ሲሉኝ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ዳኞቹ ፊት እየሠራ ይታይ የሚለውን።

ሰብሳቢው “እንግዲህ ወደሚቀጥለው…” ማለት ሲጀምሩ ዲሬክተሩ ተነሡ።

“ጓድ ሰብሳቢ፣ ግለ ሂስ እንዳደርግ ይፈቀድልኝ።”

ግለ ሂስ ማለት ያኔ በየስብሰባው ሰው ቆሞ የራሱን ጥፋት የሚናገርበት ወግ ነው። ብዙውን ጊዜ “ሰዓት አላከብርም” ዓይነት ቀላል ኃጢአት ተመርጦ ይነገርና ይታለፋል። እሳቸው ግን እጃቸውን አጣምረው እንዲህ አሉ፦

“የሠርቶ አደሩን አርማ ውኃ በሚንጠባጠብበት፣ ዓሣ በሚገባበት ሸክላ ላይ ያስቀባሁት እኔ ነኝ። ቦታው አልነበረም። አርማውን አዋርጃለሁ። ተማሪዋ አይሆንም ብላኝ ነበር፤ በሥልጣኔ አስገደድኳት። ጥፋቱ የእኔ የብቻዬ ነው። አርማው ወደ ክብር ቦታው ይነሣ፤ ልጅቷም ባልተቀባ ማሰሮ እንደገና ታሳይ።”

ሰብሳቢው ትንፋሻቸውን ሲለቁ ሰማኋቸው። እሳቸውም መውጫ ቸግሯቸው ኖሯል። “ሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል” አሉና ማሰሮው ተነሥቶ መድረኩ ላይ ከባንዲራው አጠገብ እንዲቀመጥ አዘዙ። ዓሣው ብቻ ወጣለት። ለልጅቷ እስከ ማግሥቱ ተሰጣት።

ወዲያው ይዣት ገበያ ሮጥኩ። ልጅቷ ሸክላ ሻጯን በኦሮምኛ “አካም ኦልተኒ” ብላ ሰላም አለቻት፤ ሴትዮዋም “ነጋ፣ ኢንተለኮ” (ደህና፣ ልጄ) ብላ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ልጅቷ እያንዳንዱ ማሰሮ ላይ ውኃ እያፈሰሰች ጉንጯን ትለጥፋለች። እኔ ቆንጆውን ሳነሣ እሷ ትመልሰዋለች። በመጨረሻ የመረጠችው ሸካራና ጠማማ ነበር። አሸዋውን ቤት ከሚያሠራ ሰው ደጅ ለምነን ወሰድን።

በማግሥቱ ማሰሮው ሲከፈት ዓሣው ከሐይቅ እንደወጣ ነበር። ሰብሳቢው ሊፈትሹ እጃቸውን ከተቱና ከሚያስፈልገው በላይ አቆዩት፤ የናዝሬት ፀሐይ እንደሆነች ሹመት አትለይም። አንደኛ ወጣች። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ጭብጨባው ቶሎ አለቀ፤ ያኔ ነው ዲሬክተሩ እንደሌሉ ያስተዋልኩት። ማልደው አውቶቡስ ተሳፍረው ነበር። አፍረው ነው አልኩ በሆዴ።

በክረምቱ ከዲሬክተርነታቸው ተነሥተው፣ የመኪና መንገድ ወደማይደርስበት የቆላ ትምህርት ቤት ተራ መምህር ሆነው መመደባቸውን ሰማሁ። በቀጥታ ወደ ሰብሳቢው ቢሮ ሄድኩ።

“እኔ መች ከሰስኳቸው?” አሉኝ በእርጋታ። “ራሳቸው ናቸው ያመኑት። ያለ እርምጃ ግለ ሂስ ባዶ ወሬ ነው።”

የመለስኩላቸው መልስ ውድድሩን አስነጠቀኝ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው አዘጋጀው፤ ጠመንጃዎቹም ተመለሱ። አልቆጭም።

ዲሬክተሩን ናዝሬት አውቶቡስ ተራ አገኘኋቸው። የተጠቀለለ ፍራሽና አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ይዘው መኪና ይጠብቃሉ። ኮታቸው ያኔም ተተኩሷል። “ያደረጉላትን ለልጅቷ ልንገራት?” አልኳቸው።

“ተዪ” አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አሉኝ። “ውለታ ተሸክማ ከምትማር፣ ‘ቀለም የሚወድ ጅል ሽማግሌ ነበር’ እያለች ትሣቅብኝ።”

እንዳሉትም ሣቀችባቸው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤቷ ዕረፍት ስትወጣ እኔ ዘንድ ጎራ ትላለች። የእሳቸውን አጨበጫጨብ እያስመሰለች ታሥቀኛለች፤ እስቃለሁ፣ ውስጤ ግን ይከፋል። ቃሌን የጠበቅሁት ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ እስክትይዝ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ነገርኳት። ግለ ሂሱን በጆሮዋ ሰምታ ነበር፤ ዋጋውን ነበር የማታውቀው። ቡናዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች።

ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ መጣች። ጫማዋ በአቧራ ተለውሷል። አግኝታቸዋለች፤ እዚያው ቆላ ውስጥ ናቸው፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጥቷል።

“መጀመሪያ የጠየቁኝ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ቲቸር? ‘ዓሣው በማግሥቱ እንዴት ሆነ?’ አሉኝ። አንደኛ መውጣቴን እንጂ የዓሣውን ነገር ማንም አልነገራቸውም። ሸክላ እንዴት እንደሚያልበው፣ ቀለም እንዴት እንደሚዘጋው ሰሌዳው ላይ እየሣልኩ አስረዳኋቸው። ‘እንዲህ ኖሯል ለካ’ አሉ።”

 እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

“‘ታዲያ ያን ቀን ሳይገባዎት ነው የተነሡት?’ አልኳቸው። ‘ቀለሙ ይሁን አይሁን እኔ በምን አውቃለሁ?’ አሉኝ። ‘አንቺ ቀለሙ ነው ስላልሽ ነው።’”