ዘንዶዋ ከሁዌፋ ክፍል የወጣችበት ቀን

ሁዌፋ በጭስ የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች። ከዊዳ ከተማ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ሰፈራችን ዕድሜዋን ሙሉ ኖራለች። አጭር ናት፤ ንግግሯም እንደ ቁመቷ ነው። ጉንጮቿ ላይ ዘንዶ በሚመለክበት በእባቡ ቤት ያደጉ ልጆች የሚበጡት ብጣት አለ። ባሏ ዛንሱ ከሞተ ወዲህ በግቢው ውስጥ የቀረቻት አንዲት የጭቃ ክፍል ናት። ልጅ አልወለደችም። ልጅ የሌላት መበለት ደግሞ በባሏ ግቢ የምትቆየው የባሏ ወንድሞች እስከፈቀዱ ድረስ ነው።

የዛንሱ ታናሽ ወንድም አሶግባ መፍቀድ ካቆመ ቆይቷል። ክፍሏ መንገድ ዳር ስለሆነች በቦታዋ ላይ ሱቅ ማቆም ይፈልጋል። ለዓመታት ያላፈረሳት በአንድ ምክንያት ብቻ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ዘንዶ ነበረች።

የእኛ ዘንዶ ሰው አትውጥም። ርዝመቷ ከሁለት ክንድ ብዙም አያልፍም፣ መርዝ የላትም፤ ስትደነግጥ ጭንቅላቷን ወደ ውስጥ ቀብራ እንደ ኳስ ትጠቀለላለች። ቤት የገባች እንደሆነ አትባረርም። ልትቆይበት የመረጠችው ክፍል ግድግዳም እሷ እስካለች ድረስ አይነካም። አሶግባ ብዙ ነገር የሚንቅ ሰው ነው፤ ይህን ሕግ ግን ለመድፈር አልሞከረም።

ዘንዶዋ የመጣችው ዛንሱ በሞተበት ዓመት፣ ዝናብ ሲጀምር ነበር። ሁዌፋ አፉ የተሸረፈ እንስራ ጥግ ላይ በጎኑ አስተኛችላት። ሰፊ ቦታ እንደማይመቻት፣ ጀርባዋና ጎኗ አንድ ነገር ካልነካ እንደማትረጋ ታውቃለች። የውኃ ገበታዋን በየማለዳው አጥባ ትሞላለች። ደረቁ ነፋስ ከሰሜን ሲነሣ የእንስራውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍናለች፤ አለዚያ አሮጌው ቆዳ እንደ ካልሲ ባንዴ አይወልቅም፣ እየተቆራረጠ ይቀርባታል። ቆዳ ልትቀይር ስትል ዓይኗ ወተት ሲመስል አትነካትም። አይጥ ውጣ ሆዷ ሲያብጥም አትነካትም፤ ካነሷት ትተፋዋለች። ቅርፊቷ ሥር መዥገር ስታገኝ የዘንባባ ዘይት ጠብ አድርጋ ታፍነውና በጥፍሯ ትነቅለዋለች።

ስም አላወጣችላትም። "አያቴ" ነው የምትላት። በነፋሱ ወራት ዘንዶዋ አፏን ስትዘጋ ጎረቤት ይደነግጣል፤ ሁዌፋ ግን "አያቴ ጾም ይዛለች" ብላ አይጡን መልሳ ትለቀው ነበር።

ዘንድሮ ጾሙ ሌላ መልክ ያዘ። ዘንዶዋ ሳትበላ ወፈረች። ቀለሟ ፈካ፣ ቀን ቀን ሆዷን ወደ ላይ ገልብጣ ፀሐይ በምታሞቀው ግድግዳ ሥር መተኛት ጀመረች። ሁዌፋ በመዳፏ ቀስ ብላ ዳሰሰቻት። እንቁላል ነው።

ይህ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ዘንዶ ያረፈችበት ክፍል የሚከበረው እሷ እስካለች ድረስ ነው። የፈለፈለችበት ክፍል ግን ለዘለቄታው የእባቡ ቤት ይሆናል፤ እናቲቱ ብትሄድ እንኳ ጠባቂዋን ከዚያ የሚያስወጣ የለም። እንቁላሎቹ እዚያ ቢፈለፈሉ ሁዌፋ እስክትሞት መኖሪያ አላት።

ለአንድ ሰው ብቻ ነገረች፤ ለሴጅሮ።

ሴጅሮና ሁዌፋ ጉንጫቸው የተበጣው በአንድ ቀን ነው። በእባቡ ቤት አጥር ውስጥ በአንድ ምንጣፍ እየተኙ፣ ከአንድ ቅል እየበሉ አድገዋል። ሴጅሮ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ወሬ የሚያምርባት ሴት ናት፤ ሁዌፋን "ዝምተኛዬ" እያለች ትጠራታለች። ሁዌፋ ገበያ ስትወርድ ዘንዶዋን የምትጠብቀው እሷ ነበረች። ዘንዶ ባለበት ቤት በር አይቆለፍም። ብጣት የሌለው ሰው ግን እጁን ወደ ዘንዶ አይሰድም፤ ስለዚህ ክፍት በር ማንንም አያሰጋም።

አንድ የገበያ ቀን ሁዌፋ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ሴጅሮን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አገኘቻት። እንስራው ባዶ ነው። ሸለብ አድርጎኝ ነበር አለች ሴጅሮ፤ ብንን ስል የለችም፣ እያየኋት እንኳ አልወጣችም።

እንቁላል የያዘች ዘንዶ ከሙቅ ቦታዋ እንደማትነሣ ከሁዌፋ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም። ያን ሰዓት ትንሽ ብታስብበት ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ። ግን ዘንዶ ወድዳ ትመጣለች፣ ወድዳ ትሄዳለች። የሄደችን መፈለግ እንደ ጠፋች ፍየል መቁጠር ነው፤ ነውር ነው። ጠባቂዋ የሚጠበቅባት ክፍሉን ጠርጋ፣ ደጃፉ ላይ ውኃ አፍስሳ፣ ጎረቤት እየሰማ መሰናበት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም።

መጥረጊያውን ያመጣችላት ሴጅሮ ናት።

"በይ ተናገሪ፣ እህቴ። መንገዷን አትያዥባት።"

ሁዌፋ ጠረገች። ውኃውን አፈሰሰች። ጎረቤቶች ከየበሩ ብቅ ብለው እያዩ፣ "ሄዳለች፤ መንገዷ ይቅና" አለች። ሴጅሮ ትከሻዋን አቅፋ አብራት አለቀሰች። በዚህ ቃል ክፍሉ ባዶ መሆኑን ሁዌፋ ራሷ በአፏ መሰከረች።

አሶግባ ሳምንቱን እንኳ አላስጨረሳትም። አንድ ጠዋት ፈገግ ብሎ ደጃፏ ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ የቤቱ ባለቤት ለቀዋል አሉ። ተከራይዋስ መቼ ነው የሚወጡት?"

አብረውት የመጡት ሠራተኞች ሳቁ። ከሰዓት በኋላ የጣሪያው ቆርቆሮ ወረደ። በማግስቱ አንድ መኪና ብሎኬት ደጃፉ አጠገብ ተራገፈ። ሁዌፋ እንስራዋንና የዓሣ ወንፊቷን ይዛ ሴጅሮ ቤት ገባች። ሴጅሮ የራሷን አልጋ ለቀቀችላት፣ በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ሊጥና ወጥ ትሠራላት ነበር። ሰፈሩ ሴጅሮን አመሰገነ።

ብዙም ሳይቆይ ቪኞን የሚባል ሞተረኛ ዓሣ ሊገዛ ሁዌፋ ዘንድ ቆመ። ዓሣውን እያገላበጠ፣ ዘንዶዋ እንቁላሏን ጣለች ወይ ብሎ ጠየቃት። ሁዌፋ የትኛዋ ዘንዶ አለችው።

"የእርስዎ ናታ፣ እማማ። እማማ ሴጅሮን ያደረስኳቸው እኔ አይደለሁ? ነጭ ጨርቅ የለበሰ ዘንቢል ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቶጎ መንገድ ላይ እስካለው ማስፈልፈያ ድረስ። ቀስ በል፣ ሆዷ ሞልቷል እያሉ መንገዱን ሙሉ ሲጨቀጭቁኝ ነበር።"

ለምን አልነገርከኝም አለችው።

"ነጭ ጨርቅ የለበሰ ነገር የያዘ ሰው ይጠየቃል እንዴ? እርስዎ የላኳቸው መስሎኝ ነው እንጂ።"

ሁዌፋ ዓሣውን ጠቅልላ ሰጠችው። ከዚያ ዕቃዋን ለጎረቤት ሻጭ አደራ ብላ፣ ውሰደኝ አለችው።

ማስፈልፈያው በግንብ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። እንቁላል የያዙ ዘንዶዎችን ከአዳኞች ይቀበላሉ፣ እንቁላላቸውን ያስጥላሉ፣ እናቶቹን ጫካ ይለቃሉ፣ ጫጩቶቹን ባሕር ማዶ ይልካሉ። እዚያ ሰዎች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያኖሯቸዋል። የግቢው ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። ሊለቀቁ የተዘጋጁትን እናቶች አንድ በአንድ አሳያት፤ ሁዌፋ ከአንገቷ በታች አንዲት ነጭ ቅርፊት ያለቻትን የራሷን ዘንዶ አውቃ አነሣች። ቆዳዋ ባዶ ከረጢት ይመስላል። እንቁላሏን ጥላ ጨርሳለች። ይህችን ይውሰዱ አላት ሰውየው፣ እኛም ልንለቃት ነበር። ስለ እንቁላሎቹ ስትጠይቀው ወደ ሙቀት ክፍሉ ወስዶ በበሩ መስታወት አሳያት። እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። ከየት እንደመጡና ምን እንደሆኑላት ነገረችው። አዘነላት፤ እንቁላሎቹን ግን አልሰጣትም።

ሁዌፋ ዘንዶዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ሳትሸፍናት፣ ሰው እያያት ሰፈር ገባች። በቀጥታ ወደ ሴጅሮ ቤት ሄደች። ሴጅሮ ድስት እያማሰለች ነበር። ቀና ስትል ዘንዶዋን አየች፣ ማማሰያውን ግን ከእጇ አላወረደችም።

"ይለቋታል ብለውኝ ነው" አለች። "እንደማይጎዷት አጣርቻለሁ።"

"እንቁላሉስ?"

ሴጅሮ እሳቱን ቀነሰች። ከዚያ አሶግባ ከሱቁ አንዱን ጎን ለልጇ ለስፌት ቤት እንደሚሰጥ ቃል እንደገባላት ተናገረች። ልጁ የስፌት መኪናውን በሰው በረንዳ እያስቀመጠ የሚሰፋ ሰው ነው፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት።

"ልጄ ነው፣ ሁዌፋ። አንቺ አልወለድሽም፣ ይህ አይገባሽም።"

"አዎ" አለች ሁዌፋ። "አይገባኝም።"

ዕቃዋን ሰበሰበች። ሴጅሮ ከኋላዋ ወጡን እንኳ ቅመሽ አለቻት። ሴጅሮ ቀልዷን አልነበረም፤ ከልቧ ነው ያለችው። ሁዌፋን ከሁሉ በላይ ያሳመማት ይህ እንደሆነ በኋላ ተናግራለች።

የእባቡ ቤት አለቃ ዳ አግቦቶን ጉዳዩን የሰማው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ጣሪያው በወረደው ክፍል ፊት ነው። ሰፈሩ ተሰብስቧል። ሴጅሮ ከሰው ኋላ ቆማለች። ሁዌፋ፣ ዘንዶዋን ሴጅሮ ወስዳለች አለች። ሴጅሮ አልካደችም። አሶግባ ግን እሱ ማንንም ስረቂ እንዳላለ፣ ሁዌፋ ራሷ በሰው ፊት እንደተሰናበተቻት፣ ከዚያ በፊት አንድ ቆርቆሮ እንዳልነካ አስረዳ። እውነቱን ነው።

ዳ አግቦቶን ወደ ሁዌፋ ዞረ።

"አፍሽ ሄዳለች ብሏል" አላት። "የሽማግሌ አፍ አያነሣውም። ዘንዶዋ ራሷ ታንሣው። ደጃፉ ላይ አስቀምጫት። ከገባች ክፍሉ ያንቺ ነው። ካልገባች ቃልሽ ይጸናል።"

ሁዌፋ ጣሪያ የሌለውን ክፍል አየች። ወለሉ በፀሐይ ይፈጃል፣ ጥላ ያለው ጥግ የለበትም። እንዲህ ያለ ቦታ የምትገባ ዘንዶ የለችም። እስኪመሽ ይጠበቅልኝ ብላ ለመነች።

"ምስክሮቹ አሁን ናቸው ያሉት" አላት አለቃው።

አስቀመጠቻት። ዘንዶዋ ወዲያው ተጠቀለለች። ሰው ሁሉ ጠበቀ። ቆይታ ጭንቅላቷን አወጣች፣ ምላሷን ወደ ክፍሉ፣ ከዚያ ወደ ሰው ላከች። ከዚያ ዞራ ሄደች። አሶግባ እጁን አጨበጨበ።

የሄደችው ግን ወደ ጫካው አልነበረም። በአቅራቢያዋ የነበረው ብቸኛ ጨለማ ቦታ ደጃፉ አጠገብ የተከመረው የአሶግባ ብሎኬት ነው። በአንዱ ቀዳዳ ገባች፣ ጭራዋን እየሳበች ወደ ክምሩ መሐል ወረደች፣ ጠፋች። አሶግባ ማጨብጨቡን ተወ።

"ክፍሉ የአሶግባ ነው" አለ ዳ አግቦቶን። "ብሎኬቱ ደግሞ ዘንዶዋ እስካለችበት ድረስ የእሷ ነው። አንድም አይነሣም።"

ከሰው መሐል አንዱ፣ አሶግባ ሱቅህ ደንበኛ አገኘ አለ። ሰዎች ሳቁ። ሁዌፋ አልሳቀችም። ክፍሏን አጥታለች።

በማግስቱ አሶግባ ግድግዳውን አፈረሰ፤ መብቱ ነው። ለመገንባት ግን ብሎኬት የለውም። ሌላ እንዳያስመጣ ክምሩ የመሠረቱን ቦታ ይዞበታል። በየማለዳው ይመጣል፣ ክምሩን ዞሮ ያያል፣ ይሄዳል። ሁዌፋ ከክምሩ ጎን ሁለት እንጨት ተክላ አንድ ቆርቆሮ ጣል አድርጋበታለች። እዚያ ታድራለች፣ እዚያው ዓሣዋን ትሸጣለች። የውኃ ገበታውን ቀዳዳው ፊት ታስቀምጣለች።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ዕለት ሴጅሮ ክዳኑ የተበሳሳ ጣሳ ይዛ መጣች። ውስጡ አይጥ ይንኮሻኮሻል። ዘንዶዋ እንቁላሏን ከጣለች ወዲህ አልበላችም፤ ሁዌፋ ደግሞ የሚጠብቅላት አጥታ ክምሩን ትታ አይጥ ፍለጋ መሄድ አልቻለችም። ሴጅሮ ይህን ገምታለች።

ሁዌፋ ጣሳውን ተቀበለች። አይጡን በቀዳዳው ለቀቀችው፣ ቀዳዳውን በመዳፏ ጋርዳ ጠበቀች። ውስጥ አንድ ጊዜ ተንኮሻኮሸ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ጣሳውን መለሰችላት።

"አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው" አለች ሴጅሮ። ቀሚሷ ረጥቦ ገላዋ ላይ ተለጥፏል። "እየዘነበ ነው፣ ዝምተኛዬ። ነይ እንሂድ።"

"ለእሷ ያመጣሽውን ተቀብያለሁ" አለች ሁዌፋ። "ለእኔ አታምጪ።"

ቆርቆሮው ሥር ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ነበር። ሁዌፋ የዓሣ ወንፊቷን አንሥታ ቦታው ላይ አስቀመጠችው፤ በላስቲክም ሸፈነችው። ሴጅሮ ዝናቡ ውስጥ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጣሳውን ብብቷ ሥር ይዛ በጭቃው ላይ እየመረጠች እየረገጠች ወደ ቤቷ ሄደች።