ለፈረሰኛ የሚሆን ድግምት

ባለቤቴ ከዋሻው በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ዋሻው የእውነት ዋሻ አይደለም። ቆሰበር ከተማ በተከራየናት ቤት፣ በቀርከሃው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን በአፋችን ብቻ የምንዞርበት፣ ወንድሜ የፈጠረው ዓለም ውስጥ ያለ ዋሻ ነው። ውስጡ ሀብት አለ፤ ታስራ የምትጠብቀን የንጉሥ ልጅ አለች። ባለቤቴ ግን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ፈረሱን ማን ይጠብቅልኛል?»

ጨዋታውን ያመጣብን ወንድሜ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከዶርም ጓደኞቹ ተማረውና እረፍት ሲመጣ ወደ እኛ ይዞት መጣ። አንድ ሰው ዳኛ ሆኖ ታሪኩን ይመራል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ዕጣ ይወስነዋል። ለዕጣው ዳይስ የሚሉት ሃያ ፊት ያለው ባለቁጥር ጠጠር ያስፈልጋል፤ እሱ እዚህ ከየት ይገኛል? ከመንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር ከሚሠሩት ልጆች ቁርጥራጭ ለምነን፣ ከአንድ እስከ ሃያ ጻፍንባቸውና ከባለቤቴ ኮፍያ ውስጥ እናወጣለን። ከፍ ያለ ቁጥር የወጣለት ይሳካለታል።

ባለቤቴ ፈረሰኛ ተዋጊ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን። ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው ሌባ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ ለገዢው አንድ ጣት አትርፎ የሚቆርጥ ሰው፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የማይሰርቀው ነገር የለም። እኔ አስማተኛ ነኝ። አስማተኛ በቀን የሚጠቀምባቸው ጥቂት ድግምቶች አሉት፤ ደረጃው ከፍ ሲል አንድ አዲስ ይጨምራል። ጠባችን ሁሉ የሚነሳው ታዲያ የትኛው ይጠቅማል ስንል ነው።

ጨዋታውን የጀመርነው ባለቤቴ ቤት በዋለበት ክረምት ነበር። በግንቦት፣ በአጎቱ ልጅ ሰርግ ላይ፣ ሙሽራዋን ከሚያጅቡት ፈረሰኞች ፊት ቀድሞ ሲጋልብ አገር እያየው ወደቀ። ጭኑ ተሰበረ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ «ለመሆኑ ፈረሱ ደህና ነው?» ይለው ነበር። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ጥቅምት ላይ ሐኪሙ አጥንቱ ገጥሟል፣ መጋለብም ትችላለህ አለው። እሱ ግን ዘንገና አባቱ ዘንድ ያለውን ፈረሱን ሊያይ እንኳ አልሄደም። አንድ ቀን ሥራ በዛ ይላል፤ አንድ ቀን ጭቃ ነው ይላል። በጥር የሚከበረው የፈረስ በዓል ሲነሳ ወሬ ይለውጣል። ይኸ ነገር ከጭኑ ስብራት ይልቅ አሳዘነኝ። በፈረስ ላይ ያደገ ሰው የፈረስን ስም ማንሳት ሲተው ቤቱ ይከብዳል።

በጨዋታው ውስጥ ግን ሌላ ነው። የደረሰውን ወርቅ ሁሉ ፈረሱ ላይ አፈሰሰው፤ ኮርቻ አሠራ፣ ባለዘርፍ የጀርባ ልብስ፣ ግላስ፣ አለበሰ። እኛ ጋሻ ስንገዛ እሱ የደረት ጌጥ ይገዛል። በዚህ የተነሳ የትም ዋሻ ሳንገባ ወራት አለፉ።

ድግምቶቹን ወንድሜ ከስልኩ ያነባል፤ እኛ እንከራከራለን። እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና ከእሳት ውጭ ድግምት ያለ አይመስለኝም ነበር። ነጋዴው አልተስማማም። «እህቴ፣ እሳቱን ወረወርሽው እንበል። ሽፍቶቹ ተቃጠሉ። የዘረፉት ጨርቅስ? እኔ የመጣሁት ለጨርቁ ነው።» እንደ እሱ የሚሻለው መሰወር ነው። «ተሰውረህ ብታስነጥስስ?» አልሁት፤ ብርዱን ስለማይችለው ሁልጊዜ ያስነጥሰዋል።

ባለቤቴ የማይታይ አገልጋይ የሚያመጣውን ድግምት ወደደ። ፈረስ ይዞለት የሚቆም ሰው ሆኖ ታየው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» አልሁት።

«ያንቺ እሳትም ይዋጋል እንጂ አያደርስም» አለኝ።

የሰው ቋንቋ ሁሉ የሚያሰማም ድግምት አለ። እሱን በጣም ተመኘሁት። የዳንግላ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አገውኛ አልሰማም። ባለቤቴና አባቱ ሲያወሩ ከመሐል ስሜን እሰማለሁ፤ ከዚያ ሳቅ ይከተላል። «እሱን አትምረጪ፣ ሰላማችን ይጎድላል» አለ ባለቤቴ። የተሰበረ ነገር የሚጠግነውን ደግሞ ወንድሜ እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ለዕቃ እንጂ ለአጥንት አይሆንም። «የወጌሻው እንጀራ እንዳይዘጋ ነው» አለና ባለቤቴ ጭኑን ዳሰሰ።

ከሁሉ መጨረሻ የተቀመጠው የሚወድቅን ሰው ቀስ አድርጎ መሬት የሚያደርሰው ነበር። «ይኸ ደግሞ ለማን ይሆናል? ማን ይወድቃል?» አለ ነጋዴው፤ እንዳለ ደነገጠና ሻዩን ማማሰል ጀመረ። «ለሰርግ ይሆናል» አለ ባለቤቴ ራሱ፤ ከሁላችንም በላይ ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

አንድ እሑድ አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ድንች ይዘውልን መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ የሰሙት የእኔን ድምፅ ነው፤ «አንዱን ድግምት ጠዋት ጨርሼዋለሁ፤ የቀረኝ ሰው ማስተኛት ነው።» ድንቹን በረንዳው ላይ አስቀምጠው ድምፅ ሳያሰሙ ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ በጀሪካን ጠበል ይዘው ገቡ።

«ልጄ፣ ሁላችሁም ቅመሱ» አሉኝ ዓይኔን ሳያዩ።

ነጋዴው ተነሥቶ እጅ ነሣ። «አባባ፣ እኔን ይለፉኝ። እኔ ሌባ ነኝ እንጂ ድግምተኛዋስ እሷ ነች» አለ።

ነገሩን ለማስረዳት ከሰዓት በኋላው በሙሉ አልበቃንም። አማቴ አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አስደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙን። ንጉሡንም፣ ሽፍቶቹንም፣ እሳቱንም አልጠየቁም። ጥያቄያቸው «ፈረሱስ ምን ይበላል?» የሚል ነበር። ባለቤቴ በዝርዝር መለሰላቸው።

የባለቤቴ ነገር የገባኝ በጨዋታው ሽፍቶች ባባረሩን ቀን ነው። እኔና ነጋዴው በየፈረሳችን ጋለብን፤ ባለቤቴ ግን «ፈረሴን እየሳብሁ እሮጣለሁ» አለ። ነጋዴው ሳቁን መያዝ አቃተው። «ወንድሜ፣ ይኸን ፈረስ የገዛኸው ልትቀመጥበት ነው ወይስ ልትድረው?» አለው። እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ የኋላውን አንድ በአንድ አስታወስሁት። ወንዝ ስንሻገር ሳበው፤ ገደል ስንወጣ ሳበው፤ ከጀመርን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ በቃሉ «ተቀመጥሁበት» ብሎ አያውቅም። በወሬ ፈረስ ላይ መውጣት የፈራ ሰው ነው አብሮኝ የሚኖረው።

በሚቀጥለው እሑድ ወንድሜ «እታለም፣ ደረጃሽ ከፍ ብሏል፤ አንድ ምረጪ» አለኝ። እሳት እንደምል ሁሉም አውቀው ቀድመው ጆሯቸውን ሊይዙ ምንም አልቀራቸው። «ቀስ አድርጎ የሚያወርደውን» አልሁ። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ሻይ ቀዳሁ።

ያን ዕለት ወንድሜ በገደል ጫፍ ጠባብ መንገድ ላይ አቆመን። ጅቦች ከኋላ ይመጣሉ፤ በእግር የሚሄድ አያመልጥም። እኛ ፈረሶቻችን ላይ ወጣን። ተራው የባለቤቴ ሆነ።

«እኔ ከኋላህ ነኝ፤ ድግምቴን አልተጠቀምሁበትም» አልሁት።

የዕጣውን ኮፍያ ወደ ፊቱ ሳበ። «እንግዲህ ልውጣበት» አለና እጁን ከተተ። ሦስት ቁጥር ወጣ።

ወንድሜ ቀና ብሎ ሳያየው «ጋሼ፣ ወድቀሃል» አለ።

ማንም አልሳቀም። የባለቤቴ ፊት እንደዚያ ሲጠቁር ያየሁት ከሰርጉ ቀን ወዲህ ያኔ ነው። «አልወደቀም፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል» አልሁ፤ ድምፄ ክፍል ውስጥ እንደምቆጣው ሆኖ ወጣ። ወንድሜ ስልኩን አየ፤ ሕጉ ከእኔ ጋር ነው። «ሳሩ ላይ በእግርህ ቆመሃል፤ ምንም አልሆንህም» አለው።

«ፈረሱስ?»

«አጠገብህ ነው።»

«እንደገና እወጣለሁ» አለ። ሁለተኛ የወጣለትን ቁጥር አላስታውሰውም፤ እሱን እሱን ሳይ አላየሁትም።

በሳምንቱ «ዘንገና ደርሼ ልምጣ» ሲል እኔም እሄዳለሁ አልሁ። አማቴ ፈረሱን ጭነው ከግጦሹ ሜዳ መሐል ቆመው ነበር፤ ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም። በአገውኛ አንድ ነገር አሉት፤ እሱም ባጭሩ መለሰ፤ ያን ዕለት ስሜ አልተነሳም።

ሂድ ፈረስህን እይ እያልሁ ስነዘንዘው የከረምሁት እኔ ነኝ። እግሩን እርካቡ ላይ ሲያኖር ግን የአጥሩን እንጨት ያዝሁ። እዚህ ሜዳ ላይ ቀስ አድርጎ የሚያወርደው የለም። ቢወድቅ ያው ጭኑ፣ ያው ስብራት ነው። ለካ እሱ ብቻ አልነበረም የሚፈራው፤ እኔም ከግንቦት ጀምሮ እንዳይወጣበት ስጸልይ ኖሬያለሁ።

አባቱ ልጓሙን ለቀቁለት። አንድ ጊዜ በእርምጃ ዞረ፤ በሁለተኛው ሶምሶማ አስረገጠው። በአጠገቤ ሲያልፍ ዞር ብሎ «እንዴት ነኝ?» አለኝ።

ውረድ ልለው አፌን ከፈትሁ።

«ጀርባህን አቅና» አልሁት።